የገደል ማሚቶ በስልክ ሽቦ ውስጥ

ሰቆጣ ያሉት አክስቴ ቤት ግድግዳው አንድ ክንድ ከስንዝር ይወፍራል። በእጄ ለክቼዋለሁ። ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ውጭ ፀሐይ ሲያነድ ውስጡ እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። የስልኩ ሽቦ ከመንገዱ ምሰሶ ተነሥቶ በሳሎኑ መስኮት ይገባል፣ ሶኬቱ እዚያው መስኮቱ ሥር ተመትቷል፣ ሞደሙም እዚያው ቁጢጥ ብሎ አክስቴ የሠሩትን ዳንቴል ተከናንቧል። ልጃቸው የምታጠናው ግን ከጓዳው ወዲያ ባለችው ክፍል ነው። ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ይፏልላል፣ የመጀመሪያውን ግድግዳ እያቃሰተ ያልፋል፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነፍሱ ትወጣለች። ልጅቷ አንድ ፋይል ለማውረድ ደብተሯን ታቅፋ የቡና እንግዶች መሃል መቀመጥ ነበረባት።

«ሞደሙን ወደ ውስጥ ብናስገባውስ?» አለችኝ።

«ምን ችግር አለ፣ ሽቦ ማስረዘም አይደል እንዴ!» አልኳት። ሁለት ሰዓት የገመትኩት ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በነዚያ ሁለት ቀናት ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እስቲ ቡናችሁን ይዛችሁ ቀረብ በሉ።

መጀመሪያ ስለ ግድግዳው። ለዋይፋይ ስም የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ አያቶቻችን ቀድመው አውጥተውለታል። አዲስ አበባ ነፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው ስልክ፣ ከሬዲዮ ነው። ወሬው በነፋስ የሚሄድ ስልክ! የሞደሙ ነፋስ ስልክ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሞገድ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ብሎኬት ቢያጋጥመው ተንገዳግዶም ቢሆን ያልፋል። እርጥበት የጠጣ ጭቃና ወፍራም ድንጋይ ግን ይውጡታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብስበታል፤ ውኃ ለዚህ ሞገድ ጉሮሮው ሰፊ ነውና። ስለዚህ ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ደጋ እንዳሉት ዓይነት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከመንገድ የመጣው መስመር ሳይሆን ቤቱ ራሱ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ሞደሙን ባለበት ትቶ ከጀርባው የኔትወርክ ገመድ ወደ ውስጠኛው ክፍል መሳብ ነው። ይህ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ምንም ሳይል ይሄዳል። ግን በሌላኛው ጫፍ ዋይፋይ የሚረጭ ሁለተኛ ዕቃ ይገዛል፣ ለእሱም መብራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ የስልኩን ሽቦ አስረዝሞ ሞደሙን ራሱን ማዛወር ነው። አንድ ሞደም ብቻ ላለው ቤት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ነገር ግን የስልክ ሽቦ እንደ መብራት ሽቦ አይደለም። ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

የአክስቴ ስልክ በ033 የሚጀምር የድሮ የቤት ስልክ ነው፣ ሁለት ቀጭን የመዳብ ክሮች፣ በቃ። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመር የሰው ድምፅና የቴሌግራፍ ምት ነበር የሚሸከመው። ከዚያ በኋላም መቶ ዓመት ያህል ከስልክ ሽቦ የተጠየቀው ይኸው ነው። ሽቦው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ይችል ነበር። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ስልክ የሚያስተላልፈው የሰው ድምፅ በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 ገደማ ንዝረት ነው። ኤዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ደግሞ በዚያው ሽቦ ላይ ከ25 ሺህ አካባቢ ይጀምርና እስከ 1.1 ሚሊዮን ንዝረት ይወጣል፤ ኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ እስከ 2.2 ሚሊዮን። ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከሰቆጣ አጠገብ ባለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ ከዐለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆማችሁ አስቡት፤ ከበሮው ከታች ይጎላል፣ ጸናጽሉ ከላይ ይንሿሿል፤ የሚመጡት በአንድ አየር ነው፣ ጆሮ ግን ሁለቱን አያምታታቸውም። ስልክና ሞደም እንዲህ ዓይነት ጆሮ የላቸውም። ስለዚህ ስፕሊተር የምትባል የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ በመካከላቸው ትገባለች፤ ከበሮውን ለስልኩ፣ ጸናጽሉን ለሞደሙ ትለያለች። እሷ ከሌለች ስልኩ ውስጥ «ሽሽሽ» የሚል ጩኸት ይሰማል፣ ስልክ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። «ስልክ ሲደወል ኢንተርኔት ይቋረጣል» የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ስፕሊተሯ የት ነው ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደሚያስደስተኝ ቦታ ልውሰዳችሁ። ሰቆጣ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ዳገቱን እየወጣ እዚህ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ጎበዝ ሲራራ ነጋዴ ሁሉንም በቅሎ እኩል አይጭንም፤ ለጠንካራዋ ብዙ፣ ለደከመችው ጥቂት፣ ለምታነክሰው ምንም። ኤዲኤስኤል ሞደም የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው። ያንን የ1.1 ሚሊዮን ንዝረት ስፋት በ256 ይከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱ ክፍል 4,300 ገደማ ንዝረት ይሰፋል። እነዚህ በቅሎዎቹ ናቸው። ሞደሙ ሲበራ እያንዳንዷን ይፈትናል፤ ጫጫታ የማይበዛባት እስከ 15 ቢት ትሸከማለች፣ የደከመችው ሁለት ሦስት፣ የታመመችው ባዶዋን ትሄዳለች። ከዚያ ሁሉም በሰከንድ 4,000 ጊዜ ይመላለሳሉ። ሞደሙ ላይ ዲኤስኤል የምትለዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አያችሁ አይደል? በቅሎ እየጫነ ነው። ቀጥ ብላ ስትበራ ጉዞ ተጀምሯል።

ይህን ካወቃችሁ ሞደም በማዛወር ሥራ ላይ ሁሉም ሰው የሚፈራው ነገር የውሸት ፍርሃት መሆኑን ትረዳላችሁ። «ሽቦው ሲረዝም ፍጥነቱ ይሞታል» ይላሉ። ርቀት በእርግጥ ይጎዳል፤ ከፍ ባለ ንዝረት የሚሄዱት በቅሎዎች ቀድመው ይደክማሉ፣ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ግን ያ ርቀት ከቴሌው መሣሪያ እስከ ቤታችሁ ያለው ነው። ሽቦው ሁለት ኪሎ ሜትር መጥቶ ከሆነ፣ ከመስኮቱ እስከ ውስጠኛው ክፍል ያለው 15 ሜትር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሞደሙ ከነመኖሩም አያስተውለውም። የሚጎዱት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ያልተገመደ ሽቦና የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ።

ያልተገመደውን ላስቀድም፣ እኔን ያዋረደኝ እሱ ስለሆነ።

የመዳብ ክሮቹ ለምን እንደ ሹሩባ እርስ በርስ ይጠቀለላሉ? ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያወጣበት ራሱ ግራሃም ቤል ነው፣ የስልኩ ሰውዬ። ጎረቤት ሽቦ ወይም የመብራት መስመር ጩኸት ሲረጭ በሁለቱም ክሮች ላይ ይረጫል። ክሮቹ ከተጠቀለሉ አንዴ አንደኛው፣ አንዴ ሌላኛው ወደ ጩኸቱ ስለሚቀርብ በመጨረሻ ሁለቱም እኩል ይቀባሉ። መሣሪያው የሚያነበው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ እኩል የሆነው ነገር ተቀናንሶ ዜሮ ይሆናል። ካልተጠቀለሉ ግን ሽቦው አንቴና ነው። አንቴና ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ 873 ኪሎ ኸርዝ ሲያሰራጭ ኖሯል። ቁጥሩን ከበቅሎዎቹ ጋር ብታስተያዩት በ202ኛዋ ጀርባ ላይ ጉብ ይላል! ሱቅ የሚሸጠውን ዝርግ የስልክ ገመድ፣ ያንን ግራጫውን፣ 20 ሜትር ገዝቶ ግድግዳ ላይ የዘረጋ ሰው ለሬዲዮ ጣቢያው አንቴና እንዳቆመ ይቁጠረው። ዝርግ ገመድ ከሶኬቱ እስከ ሞደሙ ላለው አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ነው የሚሆነው።

እኔ ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ ኮራ ብዬ የኔትወርክ ገመድ ገዛሁ፤ ውስጡ ስምንት ክር አለ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠቀለሉ አራት ጥንዶች። ከስምንቱ የሚያስፈልገኝ ሁለት ብቻ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሞባይሌ ባትሪ እያየሁ ልጬ ሁለት ክር መረጥኩ፤ አንድ ሰማያዊና አንድ ነጭ። በሌላው ጫፍም ሰማያዊና ነጭ። በቴስተር ለካሁ፣ ይገናኛል። ስልኩን አነሣሁ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል። መብራት ሲመጣ ሞደሙን ሰካሁ። ዲኤስኤሏ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በቅሎ ስትጭን፣ ስታወርድ፣ እንደገና ስትጭን ዋለች።

አያችሁት? ነጩ ክር የሰማያዊው ባል አልነበረም። ኬብሉ ውስጥ አራት ነጮች አሉ፣ እያንዳንዱ ላይ ቀጭን የቀለም መስመር አለ፤ እኔ የያዝኩት አረንጓዴ መስመር ያለበትን ነው፣ የሌላ ጥንድ። ቴስተር ይህን አይነግራችሁም፣ ኤሌክትሪክ በሁለቱም ያልፋልና። ስልኩም አይነግራችሁም፣ ለከበሮው ግድ የለውም። የሚያውቀው ጸናጽሉ ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ገልጬ ሰማያዊውን ከነጭ ሰማያዊው ጋር ሳስተካክለው መብራቷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀጥ አለች። የአክስቴ ልጅ እስካሁን «አፋታሃቸው» ትለኛለች።

ቅርንጫፉስ? ይህ የጽሑፌ ሁሉ ምክንያት ነው።

ዋግ ገደል አገር ነው። ከአፋፍ ቆማችሁ ሰው ስትጣሩ ድምፃችሁ ፊት ለፊት ካለው ተረተር ተመትቶ ይመለሳል፤ የገደል ማሚቶ። ሸለቆው ቀጥ ያለ ከሆነ ወዲያ ያለው ሰው ይሰማችኋል። በመሃል ወደ ጎን የሚገባ፣ ጫፉ በገደል የተዘጋ ፈፋ ካለ ግን ከድምፃችሁ የተወሰነው ወደዚያ ይገባል፣ ገደሉን መትቶ ይመለሳል፣ ዘግይቶም ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። የሚያዳምጠው ሰው ቃላችሁን በቃላችሁ ተጋርዶ ይሰማዋል።

አክስቴ ቤት ድሮ በር ላይ ሱቅ ነበረች። ለሱቋ ስልክ ተብሎ ከሳሎኑ ሶኬት 40 ሜትር የሚሆን ሽቦ በአጥሩ ሥር ወጥቶ ነበር። ሱቋ ከተዘጋች ቆየች፣ ስልኩም የለም፣ ሽቦው ግን ሶኬቱ ላይ እንደተቋጠረ ነው፤ ጫፉ አጥሩ ሥር በናስትሮ ተጠቅልሎ ተሸጉጧል። «ምንም የማይሠራ ሽቦ ምን ይጎዳል?» አትሉም? ሲግናሉ በመዳብ ላይ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። 40 ሜትር ሄዶ፣ የተቆረጠውን ጫፍ መትቶ፣ 40 ሜትር ይመለሳል፤ 80 ሜትር። በሰከንድ 1.25 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ርዝመቱ 160 ሜትር ነው። ስለዚህ ማሚቶው የሚመለሰው ልክ በግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ነው፤ ዋናው ጉብታ ሲሆን እሱ ጎድጓዳ፣ ዋናው ጎድጓዳ ሲሆን እሱ ጉብታ። ይጠፋፋሉ። በዚያ ሠፈር ያሉት የኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ በቅሎዎች በሙሉ ወገባቸው ይቆረጣል። ቅርንጫፉ 50 ሜትር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ አንድ ሚሊዮን ላይ ይወድቅ ነበር፤ ሦስት አራት ሜትር ብቻ ቢሆን ደግሞ ከኤዲኤስኤል ክልል በጣም ርቆ ስለሚወድቅ ብዙም ባላስጨነቀኝ። ሽቦው ምንም አልተበላሸም፣ ምንም አልተገናኘበትም፤ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ብቻውን ይበቃል።

አብዛኛው የቤት ውስጥ ችግር የሚመጣው ሞደሙን በማራቅ ሳይሆን በቅጥያ ላይ ቅጥያ በመተው ነው የምለው ለዚህ ነው። በየጊዜው አንድ ሰው ይመጣል፣ ከሶኬቱ አንድ ሽቦ ይቀጥላል፣ የድሮውን አይነቅልም። ከጊዜ በኋላ ሶኬቱ ሲከፈት የሸረሪት ድር ነው።

አሠራሩ እንግዲህ ይኸውላችሁ። ከውጭ የመጣውን ጥንድ ፈልጉ፤ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፍቱና እሱን ብቻ አስቀሩ፣ ሌላውን ሁሉ አላቁ። ያ ጥንድ ስፕሊተሯ ላይ «ላይን» በሚለው በኩል ይግባ። «ፎን» ከሚለው የሚወጣው ወደ ስልኩ ይሂድ፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ስልክ ቢኖር ሁሉም ከዚህ በኩል ይቀጠል። ለሞደሙ ከተሠራው ቀዳዳ ደግሞ አዲሱ የተጠቀለለ ጥንድ ብቻውን፣ ቅርንጫፍ ሳያወጣ፣ አንድ ወጥ ሆኖ እስከ ሞደሙ ክፍል ይሂድና አዲስ ሶኬት ላይ ይረፍ። ስፕሊተሯ መግቢያው ላይ ስለሆነች የስልኮቹ ሽቦ ምንም ያህል ቢዘበራረቅ ማሚቶው ወደ ሞደሙ አይመጣም፤ በሩ ተዘግቶበታል። ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አታስኪዱት፣ አንድ ስንዝር ያህል ይራራቁ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይሻገር። መሃል ላይ ክር ቋጥሮ በናስትሮ መጠቅለልን ተዉት። ክረምቱ አንዴ ሲመላለስበት ቋጠሮው አረንጓዴ ያወጣል። ይህን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ፤ የቤት ስልኩን አንሡ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ተጭናችሁ ዝም በሉ። ድምፁ ይቆማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ «ቅርር፣ ቅርር» ካለ ሞደም ከመቀየራችሁ በፊት ቋጠሮ ፈልጉ።

ደግሞም ሽቦ በጥርስ አትላጡ። ሁላችንም እንላጣለን፣ አውቃለሁ። በስልክ ሽቦ ላይ ዘወትር 48 ቮልት አለ፣ ይህ ብዙ አያስፈራም፤ ስልክ ሲደወል ግን እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣል። እኔ ሽቦውን በጥርሴ እንደያዝኩ ነበር የአክስቴ ጓደኛ ከወልድያ የደወሉት። ስልኩ ስላልተሰካ ማንም አልሰማም፣ ከእኔ በቀር። ፒንሳው ኪሴ ውስጥ ነበር!

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር እዩ። በኮምፒውተር ወይም በሞባይል የሞደሙን ገጽ ክፈቱ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። እዚያ በዲሲቤል የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ መስመሩ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይነግራችኋል፤ እሱ በርቀቱ የተወሰነ ነው፣ ቤት ውስጥ በምትሠሩት ብዙም አይለወጥም። ሌላው ከጩኸቱ በላይ የቀረ ትርፍ ነው፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጉልበት። ከ6 በታች ከወረደ መስመሩ ደጋግሞ ይወድቃል። የሱቋን ሽቦ ከመንቀሌ በፊትና በኋላ ሁለቱንም ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ የመጀመሪያው ንቅንቅ አላለም፣ ሁለተኛው ወጣ። እመኑኝ፣ አንድ ሽቦ ነቅሎ ቁጥር ሲወጣ እንደማየት የሚያስደስት ነገር ጥቂት ነው።

መብረቁን እንዳልረሳው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲጉረመርም የስልክ ሽቦ ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋ የመብረቅ መንገድ ነው። ያኔ ሞደሙን ከመብራቱም ከስልኩም ንቀሉ፤ አንዱን ብቻ መንቀል ግማሽ በር መዝጋት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የድሮው የቤት ስልክ ይሠራል፣ ምክንያቱም ኃይሉን የሚያገኘው ከወዲያኛው ጫፍ ካለው ባትሪ ነው፤ ሞደሙ ግን ይጠፋል። ለእሱ ትንሽ ባትሪ መግዛት በዋግ ቅንጦት አይደለም። ቤታችሁ የገባው ፋይበር ከሆነ ደግሞ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ እርሱት። እሱ መስታወት ነው፣ ብርሃን ነው የሚሸከመው፣ ካቻቢቴ አይወድም፤ ለማዛወር ባለሙያ ጥሩ፣ ወይም ከሞደሙ ጀርባ የኔትወርክ ገመድ ሳቡ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ክፍሏ ውስጥ ታጠናለች። ዳንቴሉም ከሞደሙ ጋር ተዛውሯል፤ ይታፈናል፣ ይሞቃል ብል አክስቴ አልሰሙኝም፤ በመጨረሻ ከላይ ሳይሆን ከሥሩ እንዲነጠፍ ተስማማን። የሱቋን 40 ሜትር ሽቦ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ ጥዬው ነበር። በማግስቱ ስነሣ ከቆርቆሮው ምሰሶ እስከ ግራሩ ድረስ ተወጥሯል፣ ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ተሰጥቶበታል።

«ይሄ ነው እንግዲህ አይሠራም ያልከኝ?» አሉኝ።